ዝናብ ሲገባ ዋጋው ይወርዳል፤ አንበሳው ግን ስፍራውን አይለቅም

ያልተሸጠ ጤፍ መጋዘን ውስጥ ያድራል። ያልተሸጠ ቡናም ዋጋ እስኪሻሻል ይጠብቃል። ያልተከራየ አልጋ ግን እንደዚያ አይደለም። ዛሬ ማታ ሰው ካልተኛበት የዛሬው ገቢ ቀርቷል፤ ነገ የሚተካውም የለም። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የዱር እንስሳት ፓርኮች ዙሪያ የተሠሩ ሎጆችና የድንኳን ካምፖች በየዓመቱ ለወራት የሚጋፈጡት ችግር ይኸው ነው። ዝናብ ሲገባ የአውሮፓና የአሜሪካ ጎብኚ ይቀራል፤ አልጋው ባዶ ያድራል፤ ዋጋውም ይወርዳል።

ይህ ለገዢው መልካም ዜና ይመስላል። ብዙ ጊዜም መልካም ዜና ነው። ይሁን እንጂ «ከወቅቱ ውጪ ሳፋሪ ርካሽ ነው» የሚለውን አባባል ብቻ ይዞ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሊከስር ይችላል። ምክንያቱም የሳፋሪ ወቅት አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። ዝናቡ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ ሎጁ የራሱ አለው፤ የፓርኩ በርም የራሱ አለው። ሦስቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። በርካሽ የሚገዛው ሦስቱ የሚገጥሙበትን ጊዜ ያወቀ ሰው ነው።

ወቅቱን የሚወስነው ማን ነው?

ሳፋሪ ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ማለት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ቃሉ ከአደን ጋር ተጣብቆ ቆይቷል። ኬንያ በ1977 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አደንን ስትከለክል ግን የሳፋሪው ገበያ በዚያች አገር ሙሉ በሙሉ ወደ ካሜራ ዞሯል።

የዚህ ገበያ ሙቀት የሚመጣው ከሁለት ምንጮች ነው። የመጀመሪያው የእንስሳቱ እንቅስቃሴ ነው። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ መካከል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት፣ ማለትም በኢትዮጵያ የሚታወቀው ቆርኬ ዘመድ የሆነ እንስሳ፣ ከብዙ መቶ ሺህ የሜዳ አህያና የሜዳ ፍየል ጋር ሣርና ውሃ ተከትሎ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። መንጋው በአዞ የተሞላውን የማራ ወንዝ የሚሻገረው ብዙ ጊዜ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የሰሜኑ ዓለም ትምህርት ቤት ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ተማሪዎች የረጅም ጊዜ ዕረፍት የሚወጡት በእነዚሁ ወራት ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ሎጁ ይሞላል፤ ዋጋውም ጣሪያ ይነካል። በሚያዝያ ወር ግን እንዲህ ያለ ረጅም ዕረፍት የለም፤ የጉዞ መጽሔቱም «ዝናብ ነው» ብሎ ያስፈራራል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ዋጋውን የሚያወጣውና የሚያወርደው አንበሳው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ሳይሆን የሩቁ ገዢ ዕረፍት መሆኑን ነው።

ሦስቱ የቀን መቁጠሪያዎች

የዝናቡን እንመልከት። በኬንያና በሰሜን ታንዛኒያ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማብቂያ ይዘልቃል። አጭሩ ዝናብ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ይጥላል። ረጅሙ ከባድ ነው። አጭሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወርዶ የሚያባራ ነው።

የሎጁ የቀን መቁጠሪያ ዝናቡን ይከተላል፤ ግን አንድ ለአንድ አይደለም። ሎጆች ከፍተኛውን ዋጋ የሚጠይቁት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንዲሁም በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ነው። ዝቅተኛው ዋጋ የሚወጣው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ኅዳር መካከለኛ ሆኖ አንዳንዴም ጥሩ ቅናሽ ይገኝበታል። ጥርና የካቲት ደረቅ በመሆናቸው ዋጋቸው እምብዛም አይወርድም።

ሦስተኛው የፓርኩ በር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማሳይ ማራን የሚያስተዳድረው የናሮክ ካውንቲ ከ2024 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚን መግቢያ በሁለት ከፍሎታል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 30 አንድ አዋቂ በቀን 100 ዶላር ይከፍላል። ከጁላይ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ግን 200 ዶላር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀመጥ እስከ ሰኔ 23 ድረስ 100 ዶላር የነበረው ሰኔ 24 ሲነጋ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባልና ሚስት ሦስት ቀን ቢቆዩ በርካሹ ጊዜ ለበር ብቻ 600 ዶላር ይከፍላሉ። በውዱ ጊዜ 1,200 ዶላር ይሆንባቸዋል። የአልጋው፣ የመኪናውና የአውሮፕላኑ ዋጋ ሳይነሳ የ600 ዶላር ልዩነት አለ።

አሁን ሦስቱን እናስተያይ። በኅዳር ወር ሎጁ ቅናሽ ያደርጋል፤ በሩ ግን ገና 200 ዶላር እንደጠየቀ ነው። ስለዚህ የኅዳር ቅናሽ ከሎጁ ማስታወቂያ ላይ ትልቅ ቢመስልም በጠቅላላው ሒሳብ ላይ ግማሹ ይበላል። በጥርና በየካቲት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ በሩ ረክሶ ሎጁ ይወደዳል። በሚያዝያና በግንቦት ሁለቱም ይረክሳሉ፤ በምላሹ ግን ዝናቡ ይበረታል።

የቀረው ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ያለው አንድ ወር ነው። በዚህ ጊዜ ረጅሙ ዝናብ አብቅቷል ወይም ወደ ማብቃቱ ነው። በሩ ገና 100 ዶላር ነው። አንዳንድ ሎጆች ከወሩ መጀመሪያ ጀምረው ዋጋቸውን ከፍ የሚያደርጉ ቢሆንም ሌሎች እስከ ወሩ መጨረሻ የመሸጋገሪያ ዋጋ ይዘው ይቆያሉ። ዋናው መንጋ በዚህ ሰዓት ብዙ ጊዜ ገና ሴሬንጌቲ ውስጥ ነው፤ የወንዙ መሻገሪያ ትርዒት አይገኝም። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ ቀጭኔና ጅብ ግን የማራ ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው። ወንዙን ለማየት የግድ ያላለ ገዢ ይህን ወር ቢመርጥ ያተርፋል።

ቅናሹ ከየት ይመጣል?

አንድ ሎጅ ክፍሉ ቢሞላም ባይሞላም የሚያወጣው ወጪ አለ። የመሬት ኪራይ፣ የባንክ ወለድ፣ የጥበቃና የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የጄኔሬተርና የመንገድ ጥገና አይቀርም። አንድ እንግዳ ሲጨመር የሚመጣው ወጪ ግን ምግብ፣ ነዳጅና ልብስ ማጠቢያ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ካምፕ በሞቀው ወቅት አንዱን ድንኳን ለሁለት ሰው በሌሊት 600 ዶላር ያከራያል እንበል። ሁለቱ እንግዶች የሚያስከትሉት ተጨማሪ ወጪ 120 ዶላር ቢሆን፣ ካምፑ ድንኳኑን በግማሽ ዋጋ በ300 ዶላር ቢሰጥ እንኳ 180 ዶላር ይተርፈዋል። ይህ 180 ዶላር ለጥበቃው ደመወዝና ለኪራዩ ይውላል። ባዶ ቢያድር ግን ምንም የለም። በቀዘቀዘ ወቅት ለመደራደር የገዢው ጉልበት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሎጆች የተለጠፈ ዋጋቸውን በአደባባይ መቁረጥ አይወዱም። ዋጋ ከወረደ በኋላ መልሶ ማውጣት እንደሚያስቸግር ማንኛውም ነጋዴ ያውቀዋል። ስለዚህ ቅናሹን በሌላ መልክ ይሰጣሉ። አራት ሌሊት ላደረ የሦስቱን ብቻ ማስከፈል የተለመደ ነው። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ባዶውን ሁለተኛ አልጋ ጭምር እንዲከፍል የሚጣልበት ተጨማሪ ክፍያ በቀዘቀዘው ወቅት ብዙ ጊዜ ይነሳለታል። ለልጆች ነጻ አልጋ፣ ለቤተሰብ የብቻ መኪና፣ ከተሻለ ክፍል ማስገባት፣ እነዚህ ሁሉ ቅናሾች ናቸው። «ዋጋ ቀንሱልኝ» ያለ ሰው እምቢ ሲባል «አንድ ሌሊት ጨምሩልኝ» ያለ ሰው የሚሳካለት ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ዝናብ የማያወርዳቸው ዋጋዎች አሉ። የመኪናና የነዳጅ ዋጋ ያው ነው። የጎሪላ ፈቃድም እንዲሁ በጥብቅ የተያዘ ነው። ሩዋንዳ በ2017 የአንዱን ሰው ፈቃድ ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ከፍ አድርጋዋለች። በኡጋንዳ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 800 ዶላር ሆኗል። በየቀኑ የሚሰጠው ፈቃድ በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ሻጩ የሚጨነቅበት ባዶ አልጋ የለውም። ስለዚህ ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ የአልጋው ድርሻ ትንሽ የሆነበት ጉዞ በቀዘቀዘው ወቅት ብዙ ቅናሽ አይገኝበትም። የአልጋው ድርሻ ትልቅ የሆነበት ግን ይገኝበታል።

ዕቃው ያው ነው ወይ?

በርካሽ የተገዛ ዕቃ ሁሉ አይጠቅምም። ስለዚህ በዝናብ ወቅት የሚገዛው ሳፋሪ በሞቀው ወቅት ከሚገዛው ጋር አንድ ዓይነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ እንደየፓርኩ ይለያያል። በደረቅ ወቅት ሣሩ አጭር፣ ውሃውም ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ እንስሳት ወንዝና ኩሬ ዳር ይሰበሰባሉ። መኪናውን ውሃ አጠገብ ያቆመ ሰው ብዙ ያያል። ዝናብ ሲዘንብ ሣሩ ያድጋል፤ ውሃም በየቦታው ይገኛል፤ እንስሳቱ ይበተናሉ። ነብርና አቦሸማኔ ሣር ውስጥ ተደብቀው ሊያልፉ ይችላሉ።

የታንዛኒያው ታራንጊሬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙን የሰጠው ወንዝ በደረቅ ወራት የአካባቢውን ዝሆን ሁሉ ይስባል። ዝናብ ሲገባ ግን አብዛኛው እንስሳ ከፓርኩ ወጥቶ ወደ ሜዳው ይበተናል። በሚያዝያ ታራንጊሬን በግማሽ ዋጋ የገዛ ሰው ርካሽ ገዛ ለማለት ያስቸግራል።

የንጎሮንጎሮ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ይህ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጎድጓዳ ሜዳ 600 ሜትር ያህል ጥልቀትና ወደ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በውስጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ እንስሳት ይኖራሉ። ውሃና ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ ስላለ አብዛኞቹ አይወጡም። በኬንያ የናኩሩ ሐይቅ ብሔራዊ ፓርክም በአጥር የተከበበ በመሆኑ አውራሪሶቹ ወቅት ቢለዋወጥም እዚያው ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ዋጋው ሲወርድ ዕቃው አይቀንስም።

ከዚህም ባሻገር በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ዕቃ አለ። ከጥር እስከ መጋቢት መጀመሪያ ባለው ጊዜ የሴሬንጌቲ ደቡባዊ ሜዳና ንዱቱ የተባለው አካባቢ በዊልደቢስት ጥጃ ይሞላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥጃዎች ይወለዳሉ፤ አንበሳውና ጅቡም ይከተላቸዋል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ በአካባቢው ይከርማሉ። አቧራው በዝናብ ስለሚታጠብ አየሩ ይጠራል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች አረንጓዴውን ወቅት የሚወዱት ለዚህ ነው።

የሕዝቡ ብዛትም ከዕቃው ጥራት ይቆጠራል። በሞቀው ወቅት አንድ ነብር ዛፍ ላይ ሲታይ መኪኖች እንደ ገበያ ቀን ይኮለኮላሉ። በ2025 ሐምሌ በሰሜን ሴሬንጌቲ ጎብኚዎች ከመኪና ወርደው የመንጋውን መሻገሪያ ሲዘጉ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጭቶ ብዙ ቁጣ አስነስቷል። በሚያዝያ በዚያው ሜዳ ላይ ከአንድ አንበሳ መንጋ ጋር አንድ መኪና ብቻ ቆሞ ማየት ይቻላል። ውዱን ዋጋ የከፈለው ሰው ይህን ጸጥታ አላገኘም።

የደቡቡ ገበያ ተቃራኒ ነው

ሁሉም የአፍሪካ ፓርኮች በአንድ ጊዜ አይቀዘቅዙም። በቦትስዋና፣ በዛምቢያ፣ በዚምባብዌና በሰሜን ምሥራቅ ደቡብ አፍሪካ ዝናቡ የሚጥለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ስለዚህ ምሥራቁ በሚያዝያና በግንቦት ሲጨቀይ ደቡቡ ዝናቡን ጨርሶ ገና አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃል። ብዙ ሎጆችም ከፍተኛውን ዋጋ ከመጀመራቸው በፊት በመሸጋገሪያ ዋጋ ይሸጣሉ።

ቦትስዋና ሆን ብላ ጥቂት ጎብኚ በውድ ዋጋ የማስተናገድ ፖሊሲ የምትከተል አገር ናት። የኦካቫንጎ ደልታ በ2014 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዝርዝሩ ላይ 1,000ኛው ቦታ ነበር። የሚገርመው ደልታው በውሃ የሚሞላው በራሱ የዝናብ ወቅት አለመሆኑ ነው። በአንጎላ ደጋ የወረደው ዝናብ ወራት ፈጅቶ ስለሚደርስ ሙላቱ ከፍ የሚለው በደረቁ ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ አካባቢ ነው። ዋጋውም ያኔ ይሰቀላል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው አረንጓዴ ወቅት ግን አንዳንድ ካምፖች ዋጋቸውን እስከ ግማሽ ይቀንሳሉ። በዚሁ ጊዜ የማዕከላዊ ካላሃሪ ደረቅ ሜዳ ሣር አብቅሎ የእንስሳ መሰብሰቢያ ይሆናል። በደልታው ምትክ ካላሃሪን የመረጠ ሰው በርካሹ ወቅት ምርጡን ዕቃ ያገኛል።

የደቡብ አፍሪካው ክሩገር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በታኅሣሥ ዝናብና ሙቀት ቢኖርም ፓርኩ በሰው ይጨናነቃል። ምክንያቱ የአገሬው ተማሪዎች ዋና ዕረፍት ያኔ በመሆኑ ነው። በዛምቢያው ደቡብ ሉዋንግዋ ደግሞ መንገዱ ስለሚቋረጥ ብዙ ካምፖች በዝናብ ወራት ጨርሶ ይዘጋሉ። ክፍት የሚቀሩት ጥቂቶች በሞላው ወንዝ ላይ እንግዶቻቸውን በጀልባ ያዞራሉ። በአንዱ ቦታ ዝናብ ገበያውን ያቀዘቅዛል፤ በሌላው ይዘጋዋል፤ በሦስተኛው ምንም አይነካውም። ገዢው መጠየቅ ያለበት «ዝናብ ነው ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በዚህ ወር ገዢው ማን ነው?» ብሎም ጭምር ነው።

ኪሳራው የት ላይ ነው?

በማራና በሴሬንጌቲ ብዙ ቦታው መረሬ ነው። የመረሬ አፈር ሲርስ ምን እንደሚያደርግ የኢትዮጵያ ደጋ ሰው ያውቀዋል። ጣሪያቸው የሚከፈቱት ርካሽ ሚኒባሶች በዚህ ጭቃ ላይ ይቀራሉ። በቀዘቀዘው ወቅት በአራቱም ጎማ የሚጎተት መኪና ማለት ቅንጦት ሳይሆን የግድ ነው። ከሎጁ ቅናሽ ያተረፈውን ገንዘብ በመኪና ላይ ለመቆጠብ የሞከረ ሰው ግማሽ ቀኑን ጭቃ ሲገፋ ያሳልፋል።

አደጋውም ቀላል አይደለም። በ2024 ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ኬንያን ባጥለቀለቀው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በማሳይ ማራም የታሌክ ወንዝ ሞልቶ ከአሥር በላይ ካምፖችን ሲያጥለቀልቅ ጎብኚዎች በሄሊኮፕተር ጭምር እንዲወጡ ተደርጓል። በየዓመቱ እንዲህ ያጋጥማል ማለት አይደለም። ሆኖም በረጅሙ ዝናብ ወንዝ ዳር የተተከለ ድንኳን ከመከራየት ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተሠራውን መምረጥ ብልህነት ነው።

ትንኝም ከዝናብ ጋር ይበዛል። በአብዛኞቹ የቆላ ፓርኮች ወባ ስላለ መከላከያ መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተማክሮ መያዝ ያስፈልጋል። ካምፖች ዕድሳት የሚያደርጉትም በዚሁ ጊዜ ነው። ርካሽ ተብሎ በተከፈለበት ካምፕ ገንዳው ደርቆ፣ ግማሽ ሠራተኛው ዕረፍት ወጥቶ፣ ምግብ ቤቱ በአናጢ ተሞልቶ ሊገኝ ይችላል።

ባዶው አልጋ የማንን ኪስ ይነካል?

ገበያው ሲቀዘቅዝ የሚጎዳው ባለ ሎጁ ብቻ አይደለም። በኮንትራት የሚሠሩ አስጎብኚዎች፣ አብሳዮችና ሾፌሮች በሚያዝያና በግንቦት ያለ ደመወዝ ወደ ቤታቸው ይላካሉ። ለእንግዳ ጉርሻ የለመደ ሠራተኛም ወሩን በባዶ እጁ ያሳልፋል።

ከሁሉም የበለጠ መታየት ያለበት የመሬቱ ጉዳይ ነው። በማራ ዙሪያ ያሉ የማሳይ ቤተሰቦች መሬታቸውን አሰባስበው ለጥበቃ ቀጠና አከራይተዋል። በ2006 ከተጀመረው ኦላሬ ኦሮክ ወዲህ በተስፋፋው አሠራር ባለ መሬቱ ጎብኚ መጣም አልመጣም በየወሩ ቁርጥ ኪራይ ይከፈለዋል። ቀድሞ በጎብኚ ቁጥር ይከፈል በነበረበት ጊዜ በዝናብ ወራት ገቢው ይደርቅ ነበር። ዛሬ የዝናቡን ወራት ኪሳራ የሚሸከመው ካምፑ ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ጎብኚ ሲቋረጥ ይህን ኪራይ መክፈል ምን ያህል እንደሚከብድ በግልጽ ታይቷል። ኪራዩ ከቆመ ባለ መሬቱ አጥር ያጥራል፣ ያርሳል ወይም ይሸጣል፤ የአንበሳው ሜዳም ይጠባል። ስለዚህ በሚያዝያ በግማሽ ዋጋ የሚገባ እንግዳ የሎጁን ድካም የሚበዘብዝ አይደለም። ባዶ በሚያድረው ድንኳን ምትክ ለኪራዩ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ያመጣል።

ከአዲስ አበባ ሲታይ

ለኢትዮጵያዊ ገዢ የቀን መቁጠሪያው ነገር የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው። የተማሪዎች የክረምት ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ በመሆኑ ቤተሰብ ይዞ መውጣት የፈለገ ሰው ከአውሮፓዊው ጋር በውዱ ወቅት ይጋፋል። የፋሲካ በዓል ግን ብዙ ጊዜ በሚያዝያ ስለሚውል ከቀዘቀዘው ወቅት ጋር ይገጥማል። ለንግድ ጉዳይ ናይሮቢ ብቅ የሚል ነጋዴም የአውሮፕላኑን ወጪ አስቀድሞ ስለከፈለ ሁለትና ሦስት ቀን ቢጨምር የሚከፍለው የመሬቱን ወጪ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ያህል በረራ ሲሆን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ኪሊማንጃሮና ቪክቶሪያ ፏፏቴም ይበራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ለኬንያም ለታንዛኒያም መያዝ ይገባል።

በሆቴል ሥራ ገንዘብ ያፈሰሰ ወይም ለማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብትም ከዚህ ገበያ የሚማረው አለ። ኢትዮጵያ ለአሥርተ ዓመታት የተዋወቀችበትና ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያወጡት «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር በእንግሊዝኛው ጸሐይን ብቻ የሚሸጥ ነበር። በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተክቷል። ይሁን እንጂ የጉብኝቱ ገበያ ዛሬም ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባለው ደረቅ ጊዜ ላይ ያረፈ ነው። ክረምቱን «ጎብኚ የለም» ብሎ በሩን የሚዘጋ ሎጅ የአራት ወር ወለድ ከሌላው ስምንት ወር ገቢ መክፈል አለበት። ቦትስዋናና ታንዛኒያ ዝናቡን «አረንጓዴ ወቅት» ብለው ስም አውጥተው፣ በተለየ ዋጋና ለተለየ ገዢ መሸጥን ተምረዋል። ክረምት ሲወጣ የሰሜን ተራሮችን አበባ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የባሌን ቀይ ቀበሮ የያዘች አገር የምትሸጠው አታጣም።

ከመክፈል በፊት የሚጣሩ ነገሮች

ቀብድ ከመስጠት አስቀድሞ የሚከተሉትን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያዋጣል።

አንደኛ፣ የተሰጠው ዋጋ የፓርክ መግቢያን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? «ሁሉን ያካተተ» የሚለው ቃል እንደ ደላላው ይለያያል።

ሁለተኛ፣ የመግቢያው ሰዓት እንዴት ይቆጠራል? በማሳይ ማራ ትኬቱ የሚያገለግለው ለ12 ሰዓት ነው። በመጨረሻው ቀን አርፍዶ የሚወጣ ሰው የሌላ ቀን ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የአባል አገሮች ዜጎች ዋጋ አይሠራላትም። ለሌሎች አፍሪካውያን የተለየ ዋጋ ያላቸው ቦታዎች ስላሉ ግን ፓስፖርቱን አስቀድሞ መናገር ጥሩ ነው።

አራተኛ፣ ካምፑ በዚያ ሳምንት ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው? ዕድሳት አለ? የአውሮፕላን ማረፊያው በዝናብ ቢዘጋ በመንገድ የሚያደርስ ማን ነው? ወጪውስ የማን ነው?

አምስተኛ፣ በጎርፍ ወይም በመንገድ መቋረጥ ጉዞው ቢሰረዝ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል? በሞቀው ወቅት ይህን ጥያቄ የሚሰማ የለም። በሚያዝያ ግን ሻጩ ይሰማል።

ስድስተኛ፣ በአንድ ጉዞ ማራንና ሴሬንጌቲን ለማየት ያሰበ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው የፓርክ ድንበር ከ1977 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ መሆኑን ይወቅ። ዙሮ በሌላ ኬላ መግባት ቀንና ነዳጅ ይበላል።

በመጨረሻም የቀዘቀዘው ወቅት ለማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። የወንዙን መሻገሪያ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ በነሐሴ ይሂድ። አንድ ቀን በዝናብ ቢጠፋበት ለማይቆጭ፣ ቦታውን በጥንቃቄ ለሚመርጥና ለመደራደር ለማያፍር ገዢ ግን አንድ ዓይነት አንበሳ በሁለት ዋጋ ይሸጣል። በሩም ሰኔ 23 ማታ 100 ዶላር ይላል፤ ሲነጋ 200።